ለመጀመሪያ ጊዜ አይረን ሜይደንን በአካል ልሰማ ነው፤ ሜዳው ላይ ልቁም ወይስ ወንበር ልያዝ?

የካሴት ዘመን
ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ፣ የዚህ መድረክ አባላት። የምኖረው ለንደን ነው። ሰኔ 21 ቀን፣ በፈረንጆቹ ጁን 28 ቀን 2025፣ የእንግሊዙ የሮክ ባንድ አይረን ሜይደን በለንደን ስታዲየም የሚያቀርበውን ኮንሰርት ለማየት ወስኛለሁ። ዕድሜዬ ከአርባ አልፏል፤ ይህን ባንድ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰምቼዋለሁ፤ ሆኖም እስከ ዛሬ በአንድም የሮክ ኮንሰርት ላይ ተገኝቼ አላውቅም። ስለዚህ ልምድ ያላችሁ ሰዎች ምክራችሁን እንድትለግሱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ነገሩን በቅጡ ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። አዲስ አበባ ውስጥ ገና ተማሪ ሳለሁ፣ ከጀርመን ለእረፍት የመጣ የአጎቴ ልጅ ሽፋኑ የጠፋ አንድ ካሴት ትቶልን ሄደ። ካሴቱ የሚጀምረው በሙዚቃ ሳይሆን በአንድ አዛውንት ንግግር ነበር፤ እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለነበረ የሬዲዮ ዜና በስሕተት የተቀዳበት መስሎኝ ነበር። ንግግሩ እንዳለቀ ጊታሮቹ ይገባሉ፤ ከጊታሮቹም ጋር የብዙ ሺህ ሰው ጩኸት አብሮ ይገባል። ክሩ ሲላላ በቢክ እስክሪብቶ እያጠነጠንኩ፣ የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እያሰጣሁ፣ የዘፈኖቹን ስም እንኳ ሳላውቅ ካሴቱን ከዳር እስከ ዳር በቃሌ ያዝኩት። ያ ቅጂ «ላይቭ አፍተር ዴዝ» የሚባለው፣ አብዛኛው ክፍሉ በ1985 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ፣ ሎንግ ቢች ውስጥ በሕዝብ ፊት የተቀዳው አልበም መሆኑን፣ አዛውንቱም ዊንስተን ቸርችል መሆናቸውን የተረዳሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

በሰፈራችን እንዲህ ያለውን ሙዚቃ የሚወድ ሌላ ሰው አልነበረም። ጓደኞቼ ጩኸት ነው ይሉኝ ነበር፤ እኔም ማስረዳቱን ተውኩት። ስለዚህ ይህን ሁሉ ዘመን የሰማሁት ብቻዬን፣ አብዛኛውንም ጊዜ በጆሮ ማዳመጫ ነው። ያ በካሴቱ ላይ የሰማሁት የሕዝብ ድምፅ ግን ከልቤ አልጠፋም፤ ከጊታሩ ይልቅ እርሱን ለመስማት ካሴቱን ወደ ኋላ የመለስኩበት ጊዜ ብዙ ነው። አሁን ያንን ድምፅ ከውስጡ ሆኜ ልሰማው ነው፤ ምሽቱን በአላዋቂነት እንዳላበላሸው እሰጋለሁ።

ሁለት ዓይነት ትኬት ቀርቦልኛል፤ አንዱ ሜዳው ላይ የሚቆምበት፣ ሌላው በጎን በኩል ከፍ ያለ ወንበር ነው። የትኛውን ትመክሩኛላችሁ? ብቻዬን ስለምሄድ በሕዝቡ መካከል ችግር ይገጥመኛል ወይ? ጆሮዬስ ይጎዳ ይሆን? በመጨረሻም አብራኝ የምትኖረው እናቴ ከባንዱ ዘፈኖች አንዱ ስለ 666 የሚናገር መሆኑን ከሰው ሰምታ ተጨንቃለች፤ ምን ብዬ ላስረዳት እንደምችል የምታውቁ ካላችሁ ውለታችሁ ከባድ ነው።


የስትራትፎርድ ነዋሪ
ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን ሳነብ የራሴን የመጀመሪያ ምሽት አስታወሱኝ። መልሴ አጭር ነው፤ ይቁሙ። ወንበሩ ለጉልበትዎ ይመቻል፣ መድረኩንም ከላይ ሙሉ በሙሉ ያሳይዎታል፤ ነገር ግን እርስዎ የጻፉት ሊያዩት ስለሚፈልጉት ሳይሆን ውስጡ ሊገቡበት ስለሚፈልጉት ድምፅ ነው፤ ያ ድምፅ ደግሞ የሚነሣው ከሜዳው ነው። የጤና ችግር ከሌለብዎ፣ ለአራትና ለአምስት ሰዓት መቆም ከቻሉ፣ ሌላ ምርጫ ባያስቡ እመርጣለሁ።

መቆም ማለት ግን የግድ ከመድረኩ ፊት ያለው አጥር ላይ ተለጥፎ መዋል ማለት አይደለም። አጥሩ ላይ ለመድረስ ከቀትር ጀምሮ መሰለፍ ያስፈልጋል፤ እዚያ ከደረሱ በኋላ ውኃ ለመጠጣትም ሆነ ለመጸዳጃ ከወጡ ቦታው አይመለስም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው የምመክረው ከመድረኩ ፊት ለፊት፣ ሜዳው ከሚጋመስበት ትንሽ ቀደም ብሎ ያለውን ቦታ ነው። እዚያ የሚቆመው አብዛኛው ሰው ለአሥርና ለሃያ ዓመት ሲመላለስ የኖረ አድናቂ ነው፤ ዘፈኑን ያውቀዋል፣ ይዘፍነዋል፣ ለጎረቤቱም ቦታ ይለቃል።

ይህ ምሽት በሌላ ቦታ ከሚደረግ ኮንሰርት የሚለይበትን ምክንያትም ልንገርዎት። ባንዱን የመሠረተው የቤዝ ተጫዋቹ ስቲቭ ሃሪስ የምሥራቅ ለንደን ልጅ ነው፤ የተወለደው ሌይተንስቶን ነው፤ በልጅነቱ በዌስትሃም የወጣቶች ቡድን ሠልጥኗል፤ የክለቡ አርማም እስከ ዛሬ በቤዝ ጊታሩ ላይ ይታያል። ለንደን ስታዲየም ደግሞ ዛሬ የዌስትሃም ሜዳ ነው። ባንዱ የተመሠረተው በ1975 እ.ኤ.አ. በፈረንጆች ገና ዕለት ስለሆነ የዘንድሮው ጉዞ የ50ኛ ዓመት በዓል ነው፤ ሰውየው ከሃምሳ ዓመት በኋላ ወደ ሰፈሩ ተመልሶ በሚደግፈው ቡድን ሜዳ ላይ ይጫወታል ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተጫወቱበት ካርት ኤንድ ሆርስስ የሚባለው መጠጥ ቤት ከስትራትፎርድ ጣቢያ በእግር ብዙ አይርቅም፤ በዚያ ዕለት ከየአገሩ የመጣ አድናቂ ደጃፉን ሞልቶት ይውላል። ጊዜ ካለዎት ጎራ ይበሉ፤ ባይጠጡ እንኳ ማንም ቅር አይለውም። (ስታዲየሙን ግን እርስዎም ከእኔ ባልተናነሰ ያውቁታል፤ ጥሩነሽ ዲባባ በ2012ቱ ኦሎምፒክ የ10,000 ሜትሩን ወርቅ የወሰደችው እዚያው ላይ ነው።)

አሁን ወደ ምሽቱ ሥርዓት ልምጣ። አስቀድመው ዘ ሬቨን ኤጅ እና ሄልስቶርም የተባሉ ባንዶች ይጫወታሉ፤ ቀድመው ገብተው ይስሟቸው፣ በተለይ የሄልስቶርሟ ዘፋኝ ሊዚ ሄል ድምፅ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ከእነርሱ በኋላ ሠራተኞች መድረኩን ሲያዘጋጁ ከስፒከሮቹ የተለያዩ ዘፈኖች ይሰማሉ፤ ማንም ልብ አይላቸውም። ድንገት ግን የዩኤፍኦ ባንድ «ዶክተር ዶክተር» ይጀምራል፤ በዚያች ቅጽበት ሜዳው ሁሉ ይነሣል። አይረን ሜይደን ሊወጡ ሲሉ ይህን ዘፈን ማሰማት የቆየ ልማዳቸው ነው፤ አድናቂውም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይዘፍነዋል። ያን ጊዜ ስልክዎን ኪስዎ ይክተቱ። የባንዱ ሥራ አስኪያጅ ሮድ ስሞልዉድ በዚህ ጉዞ ሰው ስልኩን አውርዶ ኮንሰርቱን በዓይኑ እንዲያይ ተማጽኖ ነበር፤ እኔም ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ከፊትዎ የቆመው ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ስልኩን ከፍ አድርጎ ሲይዝ ምን ያህል እንደሚያሳዝን ሲደርስብዎት ያዩታል።

ከበሮው ላይ ኒኮ ማክብሬንን አያዩትም። ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከቆየ በኋላ ባለፈው ዲሴምበር ሳኦ ፓውሎ ላይ ከኮንሰርት ጉዞ ተሰናብቷል፤ በቦታው ሳይመን ዶውሰን ይጫወታል። የሚጫወቱት ከ1980 እስከ 1992 እ.ኤ.አ. ከወጡት ዘጠኝ አልበሞች ብቻ ነው። ጉዞው ቡዳፔስት ላይ ግንቦት 19 ቀን ስለተጀመረ የዘፈኖቹ ዝርዝር በየቦታው ተጽፏል፤ እርስዎ ግን አያንብቡት፣ እኔም አልነግርዎትም። ለሠላሳ ዓመት የጠበቀ ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ሳያውቅ መቆም ይገባዋል።


ከሚክሰሩ ጀርባ
ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሙያዬ የድምፅ ሥራ ስለሆነ በጆሮው ጥያቄ ላይ ብቻ ላተኩር፤ ከሁሉም በላይ ቸል የሚባለው እርሱ ነውና።

በእንዲህ ያለ ኮንሰርት ሜዳ ላይ ድምፁ 100 ዲሲቤል አካባቢ ይደርሳል። በሥራ ቦታ የጤና መመሪያ መሠረት ሰው በ85 ዲሲቤል ውስጥ 8 ሰዓት ቢቆይ ጆሮው ይችለዋል ተብሎ ይታሰባል፤ ድምፁ በየ3 ዲሲቤሉ ከፍ ባለ ቁጥር ግን የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 100 ዲሲቤል ላይ የሚደርስዎት 15 ደቂቃ ብቻ ነው፤ እርስዎ ደግሞ መክፈቻዎቹን ጨምሮ ከሦስት ሰዓት በላይ ሊቆዩ ነው። ጆሮ ውስጥ ያሉት ድምፅ የሚቀበሉ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። ስለዚህ የጆሮ መድፈኛ ሳይዙ አይሂዱ፤ ይህን የምለው ሙዚቃውን ለመቀነስ ሳይሆን ከሠላሳ ዓመት በኋላም እንዲሰሙት ነው።

በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጠው የስፖንጅ መድፈኛ ጆሮን ይጠብቃል፤ ችግሩ ቀጭኑን ድምፅ ከወፍራሙ ይልቅ አብዝቶ ስለሚያፍን ሙዚቃው በብርድ ልብስ የተሸፈነ ያህል ይሆናል። በመሀሉ ማጣሪያ ያለው፣ ሙዚቀኞች የሚጠቀሙበት ዓይነት ግን ሁሉንም በመጠን ዝቅ ስለሚያደርግ የሦስቱን ጊታሮች ድምፅ አንዱን ከሌላው ለይተው ይሰማሉ። ዴቭ መሪ፣ ኤድሪያን ስሚዝ እና ያኒክ ገርስ በአንድነት ሲጫወቱ ይህ ልዩነት ዋጋ አለው። የስፖንጁን ከመረጡ በጣትዎ አጥብቀው አድቦልቡለው ያቅጥኑት፣ በሌላው እጅዎ የጆሮዎን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ያድርጉ፣ ያስገቡት፣ እስኪያብጥ ድረስ በጣትዎ ደግፈው ይያዙት። አብዛኛው ሰው ግማሹን ውጭ አስቀርቶ አይሠራም ይላል። ሙዚቃው ከጀመረ በኋላ ሳይሆን ከመጀመሩ በፊት ያድርጉት።

ስለ ቦታ ምርጫ ደግሞ፣ ከእኔ በፊት የጻፉት ወንድም የተናገሩት ትክክል ነው፤ በተቻለ መጠን ሜዳው መሀል ወዳለው የሚክሰሩ (የድምፅ ማስተካከያው) ድንኳን ይጠጉ። መሐንዲሱ ድምፁን የሚያስተካክለው እዚያ ሆኖ በሚሰማው ነው። አጥሩ ጋ ትልልቆቹ የቤዝ ስፒከሮች መሬት ላይ ስለሚደረደሩ ደረትን የሚመታው ወፍራም ድምፅ የዘፋኙን ቃል ይውጠዋል። ከመቶ ሜትር ወዲያ ደግሞ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ብቻ ስለሚጓዝ ከመድረኩ የሚነሣው ከሰከንድ ሩብ በላይ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ለዚህ ነው ሜዳው ላይ ተጨማሪ የስፒከር ማማዎች ተተክለው፣ ከመድረኩ የሚመጣው ድምፅ እስኪደርስባቸው ድረስ እንዲዘገዩ የሚደረጉት።

ከኮንሰርቱ በኋላ ጆሮዎ ቢጮህ አይደንግጡ፤ በማግሥቱም ካላቆመ ግን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።


ፋና
ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኔ ሴት ነኝ፤ ቁመቴም አጭር ነው፤ አብዛኛውን ኮንሰርት የሄድኩት ብቻዬን ነው። ስለዚህ በዚህ በኩል ሐሳብዎን ላሳርፍልዎት። ጥምቀት ላይ ጃንሜዳ ቆሞ ያደረ ሰው ይህ ሕዝብ አያስፈራውም። የአይረን ሜይደን አድናቂዎች ከአያት እስከ የልጅ ልጅ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው የሚመጡ ሰዎች ናቸው፤ ብቻዎን መሆንዎን ካወቁ የሚያነጋግርዎት አያጡም።

ማወቅ ያለብዎት አንድ ነገር በሜዳው መሀል አልፎ አልፎ ወጣቶች ክብ ከፍተው እየተገፋፉ የሚዘሉ መሆኑን ነው። ጠብ አይደለም፤ አንድ ሰው ከወደቀ በዙሪያው ያሉት ሁሉ ወዲያው እጃቸውን ዘርግተው ያነሡታል፤ ይህ ያልተጻፈ ሕግ ነው። መግባት ካልፈለጉ ክቡ ሲከፈት ሲያዩ አምስትና ስድስት እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ማለት ይበቃል። ግፊያ ከበረታብዎ እጆችዎን ደረትዎ ፊት አድርገው ለሳንባዎ ቦታ ይጠብቁ፤ ሕዝቡን ተቃርነው ወደ ኋላ ከመታገል ይልቅ በሰያፍ ወደ ዳር ይውጡ። የጫማዎን ማሰሪያ ሁለት ጊዜ ይቋጥሩ፤ ውኃ ሳይጠማዎት ይጠጡ። ቦርሳ ባይዙ ይሻላል፤ ፍተሻው ላይ ብዙ ጊዜ ያስቆምዎታል።


የሰንበት ተማሪ
ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

የእናትዎ ጭንቀት በቤቴም ስለነበረ ለዚህ ብቻ ልመልስ። ዘፈኑ የወጣው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዚያው ዓመት በአሜሪካ አንዳንድ የሃይማኖት ቡድኖች ሰልፍ ወጥተው ሸክላዎቹን እስከ ማቃጠል ደርሰዋል። ስቲቭ ሃሪስ ግን ግጥሙን የጻፈው አስፈሪ ፊልም አይቶ ካደረ በኋላ ከታየው ቅዠት ተነሥቶ መሆኑን ደጋግሞ ተናግሯል፤ ዘፈኑን በትዕግሥት ላዳመጠው ሰውም የሚሰማው የተሸበረ ሰው ድምፅ እንጂ የአምልኮ ቃል አይደለም። ለእኔ እናት ከዚህ ሁሉ ይልቅ የረዳት ሌላ ነገር ነው፤ ከበሮ መቺው ኒኮ ማክብሬን በ1999 እ.ኤ.አ. ክርስትናን ተቀብሎ እምነቱን በግልጽ እየተናገረ ከዚሁ ባንድ ጋር ከሃያ ዓመት በላይ መጫወቱን ነገርኳት። ባትደሰትም ተረጋጋች።

ዕለቱ ሰኔ 21፣ የእመቤታችን በዓል ነው፤ የሐዋርያት ጾምም አልተፈታም። ጠዋት እናትዎን ይዘው ቢያስቀድሱ ማታ በሰላም ይሸኙዎታል። ስታዲየም ውስጥ ከድንች ጥብስ በቀር የጾም ምግብ ማግኘት ስለሚያስቸግር ቤትዎ ሽሮዎን በልተው ይውጡ።


የካሴት ዘመን
ሰኔ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ምክራችሁን አንድ በአንድ ተከትዬ ሄጄ ተመልሻለሁ፤ ለሰጣችሁኝ ጊዜ ምስጋናዬን ላቀርብና የሆነውን ልነግራችሁ ነው።

ጠዋት ከእናቴ ጋር አስቀደስን። ስለ ኒኮ ማክብሬን ነግሬያት ነበር፤ ከቤት ስወጣ «ያ ያመነው ሰውዬ አሁንም አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጡረታ መውጣቱን ስነግራት አዘነች። ውኃና የእጅ መሐረብ ያስያዘችኝ እርሷ ናት፤ ሙቀቱ ከባድ ስለነበረ መሐረቡ ጠቅሞኛል።

የቆምኩት ከሚክሰሩ ድንኳን ሃያ እርምጃ ያህል ቀደም ብዬ ነው። ከጎኔ በስልሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ የሚገኙ አንድ እንግሊዛዊና ጎልማሳ ሴት ልጃቸው ነበሩ። ሰውየው ከየት እንደመጣሁ ጠይቀውኝ አዲስ አበባ ስላቸው፣ እዚያ ማን አሰማህ አሉኝ፤ የካሴቱን ነገር ነገርኳቸው። የለበሱት ሰማያዊ የጂንስ ሰደርያ በልዩ ልዩ ዓመታት ጉዞዎች ጨርቆች ተለጥፎ ሌላ ቦታ አልቀረውም፤ ከጨርቆቹ አንዱን በጣታቸው ነክተው አሳዩኝ፤ ክሩ አልቆ በሌላ ቀለም ክር እንደገና የተሰፋ፣ 1985 የሚል ጨርቅ ነበር።

«ዶክተር ዶክተር» ሲጀምር እንደተባለው ሆነ። ሰማዩ ገና አልጨለመም ነበር። እኔ ያን ዘፈን በቃሌ አላውቀውም፤ አባትና ልጅ ግን ግራና ቀኝ ይዘውኝ ዘፈኑት። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ መተረክ አልችልም። ዘፋኙ ብሩስ ዲኪንሰን በ66 ዓመቱ፣ ያውም ከዓመታት በፊት የምላስና የጉሮሮ ካንሰር ታክሞ የዳነ ሰው፣ ከመድረኩ ዳር እስከ ዳር ሲሮጥ ትንፋሹ አለመቆራረጡ አስደነቀኝ። የመርከበኛውን ረጅም ዘፈን፣ ከ13 ደቂቃ የሚበልጠውን፣ ሙሉውን ተጫወቱት። በመሀሉ ሙዚቃው ረግቦ የመርከቡ እንጨት ሲንቋቋ ብቻ በሚሰማበት ስፍራ ያ ሁሉ ሕዝብ ዝም አለ። በካሴቴ ላይ ክሩ የተጨማደደው ልክ እዚያ ቦታ ላይ ስለነበረ፣ ያን ክፍል ሁልጊዜ የምሰማው እየተንቀጠቀጠ ነበር። ሳይንቀጠቀጥ ስሰማው እንግዳ ሆነብኝ።

ዋናው ክፍል አልቆ መብራቱ ጠፋ። ጨልሟል። ሰው ሁሉ ይጮሃል። የዘፈኖቹን ዝርዝር ስላላነበብኩ ምን እንደሚከተል አላወቅኩም ነበር፤ የስትራትፎርዱ ወንድሜ፣ ስላልነገሩኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከስፒከሮቹ የአንድ አዛውንት ንግግር መጣ። ቸርችል ናቸው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የሬዲዮ ዜና የመሰለኝ ያው ድምፅ ነው። አሁን ቃሉን ሁሉ እሰማለሁ። ንግግሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብሬ ስለው ከጎኔ ያሉት ሰውዬ ዞረው አዩኝ፤ እርሳቸውም እያሉት ነበር። የመጨረሻው ቃል ሲያልቅ ጊታሮቹ ገቡ፤ ያ የብዙ ሺህ ሰው ጩኸትም አብሮ ገባ። የግራ ጆሮዬን መድፈኛ አወጣሁት። ከአንድ ደቂቃ በኋላ መለስኩት፤ ከሚክሰሩ ጀርባ ያሉት ወንድሜ ይቅር ይበሉኝ።